እግር ሳያርፍ ግማሽ ማራቶን፦ ድሬዳዋ ላይ 21 ኪሎ ሜትር በድካም ለመሮጥ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለአንድ ዓይነት ሯጭ ነው። ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በፊት ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ኅዳር ላይ በአዲስ አበባው ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ሮጧል። ባቱ ገና አልለቀቀውም። ድሬዳዋ ላይ ግን ግማሽ ማራቶን ተመዝግቧል፣ መተውም አይፈልግም።

እንዲህ ያለው ሯጭ መጀመሪያ የሚያስበው በቀሩት ቀናት ጠንከር አድርጎ መለማመድን ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የከባድ ልምምድ ጥቅም ሰውነት ላይ እስኪታይ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወስዳል፤ ድካሙ ግን በማግስቱ ይመጣል። በሁለት ውድድሮች መካከል አዲስ ጉልበት አይገነባም፤ ያለውን ማባከን ብቻ ነው የሚቻለው። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው ያለውን ጉልበት ሳይፈስ መነሻው መስመር ላይ ማድረስ ነው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች ራስን ይዞ መሮጥ። በድካም የሚሮጥ ግማሽ ማራቶን 18ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የተበላሸ ይመስላል። የተበላሸው ግን 3ኛው ላይ ነው።

መሮጥ ይገባል ወይ?

«ደክሞኛል» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። ጡንቻ ውስጥ የሚከማቸው ስኳር፣ ግላይኮጅን የሚባለው፣ በደንብ ከተበላ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይመለሳል። የጡንቻ ክሮች በመቆሳሰላቸው የሚመጣው ሕመም 2ኛውና 3ኛው ቀን ላይ ይብስና ከዚያ ይቀንሳል፤ ሆኖም ሕመሙ ከጠፋ በኋላም ጡንቻው የቀድሞ ኃይሉን ለማግኘት ተጨማሪ ቀናት ይፈልጋል። ጅማትና አጥንት ከሁሉም የዘገዩ ናቸው፤ የእነሱ ማገገሚያ በሳምንታት ይቆጠራል። «አሁን አያመኝም» ማለት «እግሬ ተመልሷል» ማለት የማይሆነው ለዚህ ነው።

አሠልጣኞች በልምድ የሚሠሩበት ስሌት አለ፦ በውድድር ለተሮጠ ለእያንዳንዱ 1.6 ኪሎ ሜትር አንድ ቀን ያለ ከባድ ልምምድ። በዚህ መሠረት ለ10 ኪሎ ሜትር 6 ቀን፣ ለግማሽ ማራቶን 13 ቀን፣ ለማራቶን 26 ቀን ይሆናል። ስሌቱ ሳይንስ አይደለም፤ ግን ብዙ ሰው ከጉዳት አድኗል። የቀደመው ውድድር ማራቶን ከሆነና ገና 26 ቀን ካልሞላ፣ ምክራችን ግልጽ ነው፦ ለሰዓት አይሮጡ። ወይ በሶምሶማ ይጨርሱ፣ ወይ ይተዉት።

ውድድሩ አምስት ቀን ሲቀረው እነዚህን ፈተናዎች ያድርጉ፦

1. ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የልብ ምትዎን ለ60 ሰከንድ ይቁጠሩ። በደህና ቀን ከሚሆነው ከ7 በላይ ከፍ ብሎ ሁለት ጠዋት ከቆየ፣ ሰውነት ገና አላገገመም።
2. ደረጃ ይውረዱ። መውጣት ሳይሆን መውረድ። የተቆሳሰለ ታፋ ራሱን የሚያጋልጠው ሲወርዱ ነው። መደገፊያ ካስያዘዎት ገና ነው።
3. በአንድ እግር ባሉበት 10 ጊዜ ይዝለሉ፤ ከዚያ በሌላው። ከጉልበት በታች አጥንቱ ላይ በአንድ ጣት የሚጠቆም ሕመም ከተሰማ አይሮጡ። ድካም ሰፊ ቦታ ላይ ያማል፤ የአጥንት ጉዳት ግን ጣት በምታርፍበት ቦታ ላይ ነው የሚያመው።
4. 20 ደቂቃ በጣም ቀስ ብለው ይሩጡ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች መክበድ የሚጠበቅ ነው። ከ10ኛው ደቂቃ በኋላ እየቀለለ ከሄደ ጥሩ፤ እየከበደ ከሄደ ግን ለሰዓት የሚደረገውን ሩጫ ይሰርዙ።

አራተኛው ፈተና ላይ የልብ ምት መለኪያ ሰዓት ያሰሩ ሰዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። እግር እንደ እርሳስ ከብዶ የልብ ምቱ ዝቅተኛ ሲሆን «ልቤ ገና ጉልበት አላት» ብለው ይጨምራሉ። እግር ከብዶ ልብ አልነሳ ማለቷ አንዳንድ ጊዜ የጠለቀ ድካም ምልክት ነው።

ድሬዳዋ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከተማዋ የወባ አካባቢ ናት፤ ዴንጊም ታይቶባታል፤ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ችኩንጉንያ ብዙ ሰው አሳምሟል። እነዚህ በሽታዎች መገጣጠሚያና ጡንቻ ይቆረጥማሉ፤ ሯጩም «ያለፈው ሩጫ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሩጫ ትኩሳት አያመጣም። ብርድ ብርድ ካለዎት ወይም ከ38 ዲግሪ በላይ ካተኮሰዎት ደም ተመርምረው እስኪታወቅ ድረስ ሩጫ የለም። ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ ደግሞ ለምርመራ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ከባድ የጡንቻ መጎዳት ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

በመካከል ያሉት ቀናት

ሁለት ሳምንት ካለዎት እንዲህ ይያዙት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አይሮጡ፤ ማታ ማታ ፀሐይ ሲበርድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይራመዱ። ማሳጅ ከፈለጉ በእነዚህ ቀናት ቀለል ያለ ብቻ ይሁን፤ የቆሰለ ጡንቻን በክርን መደቆስ ቁስሉን ያሰፋዋል። ከ4ኛው እስከ 6ኛው ቀን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ እያወሩ በሚሮጡበት ፍጥነት። 7ኛው ቀን ላይ 60 ደቂቃ። 9ኛው ቀን ላይ፣ እግሩ ከቀለለ ብቻ፣ 3 ጊዜ 1 ኪሎ ሜትር በውድድሩ ቀን በሚሮጡበት ፍጥነት፣ በየመሐሉ 3 ደቂቃ ሶምሶማ። 10ኛው ቀን ዕረፍት። 11ኛው ቀን 35 ደቂቃ፤ 12ኛው ቀን 25 ደቂቃ ሆኖ መጨረሻው ላይ 4 ጊዜ 20 ሰከንድ ፈጠን ማለት። 13ኛው ቀን ዕረፍት ወይም 15 ደቂቃ። 8ኛው ቀን እንደ ሁኔታው ነው፤ ጥርጣሬ ካለ ይረፉ።

አንድ ሳምንት ብቻ ካለዎት ሁሉም ይቀንሳል፦ ሦስት ቀን መራመድ፣ ሁለት ቀን 30 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለተኛው ላይ 4 ጊዜ 20 ሰከንድ ፈጠን ማለት፣ አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት። ሌላ ምንም አይጨምሩ።

ስለ መሬቱም እናንሳ። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ያሉት ቀጥ ያሉ፣ ዛፍ የጋረዳቸው መንገዶች ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ ሜዳ ናቸው፣ ጥላ አላቸው። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ለስላሳ ስለሆነ ለደከመ እግር የሚሻል ይመስላል። ግን አሸዋ ላይ ተረከዝ ስለሚሰምጥ ባትና የተረከዝ ጅማት ከመንገዱ የበለጠ ይሠራሉ፤ በዚህ ጊዜ አይሞክሩት። ከሁሉ በላይ የምንከለክለው ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወጣው መንገድ ላይ ያለውን የደንገጎን ቁልቁለት ነው። ሽቅቡን በመኪና ወጥቶ ቁልቁል መሮጥ ትንፋሽ ስለማያስቸግር ቀላል ልምምድ ይመስላል፤ ነገር ግን ጡንቻ በጣም የሚቆሳሰለው እየተሳበ ክብደት ሲያቆም፣ ማለትም ሲወርድ ነው። አንድ ቀን የደንገጎ ቁልቁለት ሁለት ሳምንት ያከማቹትን ያጠፋል። ሐረር ላይ ያሉ ሰዎችም የጀጎልን የድንጋይ መተላለፊያዎች ለእግር ጉዞ ትተው ሶምሶማውን ከግንቡ ውጭ፣ ለጥ ያለውን መንገድ መርጠው ቢሮጡ ይሻላል።

እንቅልፍ 8 ሰዓት ይሁን፤ ከተቻለ 9። ድሬዳዋ ቀትር ላይ ሱቅ ዘግታ ታርፋለች፤ ይህን ይጠቀሙበት። ከምሳ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሽልብ ማለት ይበቃል። ከዚያ ከረዘመ የሌሊቱን ይሰርቃል።

ምግብ፣ ጫት፣ ክኒን

ጡንቻ የሚጠገነው በፕሮቲን ነው፤ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ይበቃል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 96 ግራም ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየ3 እና 4 ሰዓቱ ከ20 እስከ 25 ግራም እያደረጉ ቢከፋፍሉት ሰውነት የተሻለ ይጠቀምበታል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ይይዛል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ፣ አንድ እፍኝ የባቢሌ ኦቾሎኒ 7 ግራም ገደማ። ከታላቁ ሩጫ በኋላ የሚመጣው ወር የነቢያት ጾም ነውና ለሚጾሙ ፉል፣ ሽሮ፣ ምስርና ኦቾሎኒ ሥራውን ይሠራሉ፤ መጠኑን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። በረመዳን ግን ጾመው ቀን ላይ ድሬዳዋ ውስጥ 21 ኪሎ ሜትር መሮጥን አንመክርም። ፈሳሽ ሳይተካ በዚያ ሙቀት መሮጥ አደጋ ነው።

ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ትኩረቱ ወደ ካርቦሃይድሬት ይዞራል፦ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ቢያንስ 7 ግራም፣ ለ60 ኪሎ ሰው 420 ግራም። በሳህን ሲታይ ይህን ይመስላል፦ 200 ግራም ደረቅ ፓስታ ተቀቅሎ 150 ግራም ገደማ፣ ሦስት ሙዝ 75፣ ስምንት ቴምር 50 ገደማ፣ ሦስት ዳቦ 80 ገደማ፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ሩዝ 45፣ ቀኑን ሙሉ በሚጠጣ ሻይ ውስጥ ያለው ስኳር ደግሞ 40። ሆድ ከሚገባው በላይ አልሞላም፤ ስብና በርበሬ ግን ወጥተዋል። በዘይት የራሰች ፈጢራ ለቁርስ የምትጥመውን ያህል ለውድድር ዋዜማ አትሆንም፤ ስብ ሆድ ውስጥ ይዘገያል።

ስለ ጫት ሳይነገር ይህ መመሪያ ለድሬዳዋና ለሐረር አይሞላም። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያርቃል። ሦስቱም ለደከመ ሯጭ የሚያስፈልጉት ነገሮች ተቃራኒ ናቸው። በምርቃና ጊዜ ድካም ስለማይሰማ፣ አንድ ሰው በርጫ ላይ ሆኖ «ነገ እሮጣለሁ» ሲል እግሩን ሳይሆን ምርቃናውን ነው የሚያዳምጠው። በተጨማሪም ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ዝርዝር ውስጥ በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው። የሚቅም ሰው በዋዜማው ድንገት ካቆመ ግን መጫጫን፣ ድብርትና ሌሊት ዱካክ ይገጥመዋል። ስለዚህ ማቆሙ ከአንድ ሳምንት በፊት ይጀመር።

የሕመም ማስታገሻዎችን፣ በተለይ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን፣ በውድድሩ ዋዜማም ሆነ ጠዋት አይውሰዱ። ውሃ ባጣ ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጫናሉ፤ ማቆም የነበረበትን ሕመምም ይደብቃሉ። ያለ ክኒን መነሻው መስመር ላይ መቆም ያልቻለ እግር 21 ኪሎ ሜትር አይገባውም።

ሙቀቱና አየሩ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐረር 1,880፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ድሬዳዋ ላይ የሚያንሰው በአንድ ሰባተኛ ገደማ ብቻ ነው። ከደጋ የወረደ ሯጭ እንደጀመረ ትንፋሹ ክፍት ይልለታል፤ ያልደከመም ይመስለዋል። ወጥመዱ ይህ ነው። ሳንባው ተመቸው እንጂ ታፋው ያው የሳምንቱ ታፋ ነው።

ሙቀቱ በሌላ በኩል ዋጋውን ያስከፍላል። ታኅሣሥና ጥር ላይ የድሬዳዋ ማለዳ ከ15 እስከ 16 ዲግሪ አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን ቀኑ 35 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ከደጋ አንድ ቀን ቀድሞ የሚደርስ ሰው ሳይለምድ ነው የሚሮጠው፤ ፍጥነቱን በዚያ ልክ ያስተካክል። በአውቶቡስ የሚመጡ ከሆነ ሙሉ ቀን መቀመጥ እግርን ያሳብጣል፤ በየፌርማታው ወርደው ይራመዱ፣ ከተቻለ ከውድድሩ ሁለት ቀን ቀድመው ይግቡ።

የሚያልብዎትን መጠን ለማወቅ በሳምንቱ መሐል አንዴ ለ1 ሰዓት ሶምሶማ ከመሮጥዎ በፊትና በኋላ ያለ ልብስ ይመዘኑ። የጎደለው 1 ኪሎ 1 ሊትር ላብ ነው። በውድድር ላይ ከዚያ በላይ አይጠጡ፤ ለአብዛኛው ሰው በሰዓት ከ400 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከላበው በላይ ውሃ መጠጣት የደም ጨውን ያቀጥናል፤ እሱም ራስ ምታት፣ ማስመለስና ግራ መጋባት ያመጣል።

መጠጡ ቤት ይሠራል፦ 1 ሊትር ውሃ፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ስኳሩን አብዝተው ስድስትና ሰባት ማንኪያ አያድርጉ፤ የወፈረ መጠጥ ሆድ ውስጥ ቆሞ ይናጣል። ለስላሳ መጠጥ ለብቻው ለዚህ አይሆንም፤ ስኳሩ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሌላ ከጠፋ ከውሃ ጋር እኩል ይደባልቁት።

ፍጥነቱን ማስላት

የ10 ኪሎ ሜትር ሰዓትዎን በ2.2 ያባዙ። 50 ደቂቃ ከሮጡ ያልደከመ ሰው ግማሽ ማራቶኑን በ1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል፤ በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ይጻፉትና ጣሪያ እንደሆነ ይቁጠሩት፤ የሚሮጡበት ፍጥነት አይደለም። ለድካሙና ለሙቀቱ በኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 25 ሰከንድ ይጨምሩበት።

ለዚህ ሯጭ የምንሰጠው ዕቅድ፦ የመጀመሪያዎቹ 5 ኪሎ ሜትሮች በ5፡40፣ የሚቀጥሉት 10 በ5፡28፣ የቀሩት 6.1 በ5፡25። ድምሩ 1 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። አሁን ያው ሰው ትንፋሹ ቀለለኝ ብሎ በ5፡10 ቢጀምርስ? በ5 ኪሎ ሜትር 2 ደቂቃ ተኩል አተረፈ። ታፋው 15ኛው ላይ ሲዘጋ ግን የመጨረሻዎቹን 6.1 ኪሎ ሜትሮች በ6፡30 ይሮጣል፤ ከ6 ደቂቃ ተኩል በላይ ይከፍላል። ስሌቱ ይሄው ነው።

በድካም የመሮጥን ብልሃት ማየት ለሚፈልግ የነሐሴ 2016 ዓ.ም. የፓሪስ ኦሊምፒክ አለ። ሲፋን ሐሰን በ5,000 ሜትር ነሐስ ወሰደች፤ ዓርብ ማታ በ10,000 ሜትር ሁለተኛ ነሐስ ጨመረች፤ እሑድ ጠዋት ማራቶን ተሰለፈች። ከመሪዎቹ ጀርባ ተለጥፋ፣ ነፋሱንም ፍጥነቱንም ለሌሎች ትታ ቆየችና በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ትዕግሥት አሰፋን ቀድማ በ2፡22፡55 አሸነፈች። የእሷን ዓይነት አካል ማንም በሁለት ሳምንት አያገኝም። ከኋላ መቆየትን ግን ማንም ይችላል።

የውድድሩ ጠዋት

መነሻው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከሆነ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ይነሱ። ያኔውኑ ይብሉ፦ ሁለት ዳቦ በማር፣ አንድ ሙዝ፣ ስኳር ያለው ሻይ፣ 400 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ቀስ በቀስ። አዲስ ነገር አይሞክሩ። ቡና የለመዱ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ስኒ መነሻው 45 ደቂቃ ሲቀረው ይጠጡ፤ ካልለመዱ ይተዉት፤ ሆድ ያስቸኩላል። ወደ መነሻው የሚያደርስዎትን ባጃጅ በዋዜማው ማታ ይቅጠሩ፤ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ቆሞ መጠበቅ እግር ይጨርሳል።

ዘጠኝ ቴምር በዋዜማው ፍሬያቸውን አውጥተው፣ ሦስት ሦስት አድርገው በትንሽ ፌስታል ይጠቅልሉና በጣት ይደቁሷቸው። ፍሬ ያለው ቴምር እየሮጡ አይበላም፤ የተደቆሰው ግን ጠርዙን ቀደው ወደ አፍ ይጨመቃል። ብብት፣ ጭኖች የሚፋተጉበት ቦታና የጡት ጫፍ ላይ ቫዝሊን ይቀቡ። ኮፍያው ቀላልና ነጣ ያለ ይሁን። ጫማው የቆየው፣ ካልሲው የታጠበው።

የደከመ እግር ለመላላት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ግን ማሟሟቂያው ጉልበት መብላት የለበትም። 5 ደቂቃ እርምጃ፣ 6 ደቂቃ እጅግ ቀስ ያለ ሶምሶማ፣ ሁለት ጊዜ 15 ሰከንድ ፈጠን ማለት። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይቁሙ። እግርን ጨርቅ እንደሚወጥሩ አድርጎ ለረጅም ጊዜ መዘርጋት ለዛሬ ይቅር፤ የቆሰለ ጡንቻ ሲሳብ ይበልጥ ይዳከማል።

ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር

ከ1 እስከ 5፦ ከሰልፉ መሐል ወይም ከኋላው ይነሱ። 1ኛው ኪሎ ሜትር ከዕቅዱ በላይ ከፈጠነ 2ኛውን በደንብ ያዘግዩ፤ «ያተረፍኩት ይቀመጥልኝ» አይሠራም። ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር መቻል አለብዎት። ሰው ሲያልፍዎት ይለፍ።

ከ5 እስከ 10፦ የመጀመሪያውን ቴምር 6ኛው ላይ ከውሃ ጋር። በየ15 እና 20 ደቂቃው 150 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም የትንሿን ሃይላንድ ሲሶ ያህል ይጠጡ። ውሃ መጠጫው ጋ 10 ሰከንድ ተራምደው ቢጠጡ ምንም አይጎዳም፤ እየሮጡ ግማሹን ልብስ ላይ ከማፍሰስ ይሻላል። የቀረውን ራስና ክንድ ላይ ያፍስሱ፤ ወደ ጫማ እንዳይወርድ ጎንበስ ይበሉ፤ የራሰ ካልሲ እግር ያቃጥላል። 8ኛው ላይ ራስዎን ይጠይቁ፦ ከ3ኛው ይልቅ አሁን ቀሎኛል ወይ? ከከበደ በኪሎ ሜትር 15 ሰከንድ ያዘግዩ፤ አሁን ማዘግየት ርካሽ ነው።

ከ10 እስከ 16፦ በድካም የሚሮጥ ሰው አረማመዱ የሚበላሸው እዚህ ነው። እግሩ ወደፊት ይዘረጋል፣ ተረከዙ ከሰውነቱ ቀድሞ ያርፋል፣ እያንዳንዱ እርምጃ ልጓም ይሆናል። መድኃኒቱ እርምጃን ማሳጠርና ማብዛት ነው። ጆሮዎን ይጠቀሙ፤ የጫማው ድምፅ «ጧ ጧ» ካለ እየረገጡ ሳይሆን እየወደቁ ነው። ድምፁ እስኪቀንስ ያሳጥሩ። ትከሻው ወደ ጆሮ ከወጣ አንዴ እጅን ወደ ታች ጥለው ያራግፉት። ቴምር 11ኛውና 15ኛው ላይ። መንገዱ ጥላ ያለው ጎን ካለ በሕጉ እስከተፈቀደ ድረስ ወደዚያ ይጠጉ።

ከ16 በኋላ፦ የቀረ ካለ አሁን ይውጣ። ግን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየኪሎ ሜትሩ 5 ሰከንድ። የመጨረሻው 1 ኪሎ ሜትር ሳይደርስ ድንገት አይብረሩ፤ ስትራፖ የሚይዘው ፍጥነት ድንገት ሲቀየር ነው።

ሲበላሽ

ስትራፖ፦ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የጡንቻ መድከም እንጂ የጨው ማነስ ብቻ አይደለም፤ ለዚህ ነው በድካም በሚሮጥ ሰው ላይ የሚበዛው። ባት ከያዘ ይቁሙ፣ ጉልበትን ቀጥ አድርገው የእግር ጣቶችን ወደ ራስዎ ለ30 ሰከንድ ይሳቡ፣ 1 ደቂቃ ይራመዱ፣ በኪሎ ሜትር 20 ሰከንድ ቀስ ብለው ይቀጥሉ። ለሁለተኛ ጊዜ ከያዘ ቀሪውን እየተራመዱና እየሮጡ ይጨርሱ። ለሦስተኛ ጊዜ መጎተት ጡንቻውን ሊቀደው ይችላል።

የጎን ውጋት፦ ፍጥነት ይቀንሱ፣ የወጋዎትን ቦታ በጣቶች ይጫኑ፣ ትንፋሽን እስከ መጨረሻው ያስወጡ። በአብዛኛው በ2 እና 3 ደቂቃ ይለቃል።

ማንከስ፦ ከጀመረ ሩጫው አብቅቷል። የሚያነክስ ሰው ጉዳቱን ወደ ሌላው እግር ያዛውራል።

ሙቀት፦ በዚያ ፀሐይ ላይ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቆዳ መንዘር፣ መንገዳገድ፣ ንግግር መተሳሰር። አንዱ እንኳ ከታየ ይቁሙና ለሰው ይንገሩ። ይህን ጓደኛዎ ላይ ካዩ እሱን አይጠይቁት፤ «ደህና ነኝ» ይላል። ወደ ጥላ ያውጡት፣ ልብሱን ያላሉ፣ ባገኙት ውሃ ሁሉ ያርሱት፣ ያናፍሱት፤ በረዶ ካለ አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ያድርጉ። ማቀዝቀዝ ይቀድማል፤ አምቡላንስ ይጠራ፣ ግን እስኪመጣ አይጠብቁ። አእምሮው የተዛባ ሰው አፍ ውስጥ ውሃ አያፍስሱ።

ከመጨረሻው መስመር በኋላ

አይቀመጡ፤ 10 ደቂቃ ይራመዱ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይብሉ። በሚቀጥሉት ጥቂት ሰዓታት የጎደለውን ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ፈሳሽ ቀስ እያሉ ይተኩ፤ 1 ኪሎ ከጎደለ 1 ሊትር ተኩል። ከንጹሕ ውሃ ጋር ጨው ያለው ነገር ይጨምሩ፤ ሾርባ ጥሩ ነው፤ ሐረር ቤት ውስጥ በቡና ገለባና በወተት የምትፈላው ሆጃም ጨው ስላላት ለዚህ ትሆናለች።

ወደ አዲስ አበባ በዚያው ከሰዓት በኋላ አይሳፈሩ፤ አንድ ሌሊት ይደሩ። ከሁለት ተከታታይ ውድድር በኋላ የተለመደው ስሌት አይበቃም፦ ሦስት ሳምንት ያለ ፈጣን ልምምድ ይቆዩ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ያለ ሩጫ። የጠዋቱን የልብ ምት መቁጠር አያቁሙ። ወደ ቀድሞው ቁጥር ተመልሶ አምስት ተከታታይ ጠዋት ሳይቆይ ለሚቀጥለው ውድድር አይመዝገቡ።